ያልተሸጡት ሆስፒታሎች

ኢምፔሪያል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ የግል ሆቴል ነው። ከዚያ ወደ ገርጂ ሲዘለቅ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ተቋም ይገኛል። በቦሌ መንገዶች ዳር የተደረደረውን የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ታፔላ የሚመለከት ወጣት ባለሙያ፣ ሕክምናው ከመንግሥት ወደ ግል የተዛወረው እንደ ፋብሪካዎቹ በጨረታ ይመስለው ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ኩባንያዎችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በ29 ሌሎችም አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። ሕክምናም ከዚህ አላመለጠም። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ታስተዳድረው የነበረው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ የመንግሥት ሆነ፤ የግል ሕክምናም እጅግ ጠበበ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍ በር ከፈተ። በዚያው ዓመት የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ወደ ግል የሚያዛውር ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 87 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ለፈረንሳዩ ካስቴል፣ ሐረርና በደሌ ለሄኒከን፣ ሜታ ለዲያጆ ተሸጡ። የመንግሥት ሆስፒታሎች ግን እንደ ቢራው ለጨረታ አልቀረቡም። ሕንፃው ባለበት ቀርቶ የተዛወረው ሐኪሙ ነበር፤ ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ፣ ውሎ አድሮም ጨርሶ በግሉ። ፋብሪካ ሲሸጥ ዋጋው ተተምኖ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። በሕዝብ ገንዘብ የሠለጠነ እጅ ሲሄድ ግን የተመነው የለም። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም፤ በመንግሥት ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደር ምን እንደሆነ አንባቢው ያውቀዋል።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ፍልሰት ለመግታት ጭምር የታሰበ ነበር። ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት፣ ጽዳትና እጥበትን ለውጭ ተቋራጭ እንዲሰጡ፣ በግቢያቸውም የግል ሕክምና ክፍል እንዲከፍቱ ፈቀደ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን ከፍሎ የሚታከመውና ከንጋት ጀምሮ ወረፋ የያዘው ታካሚ በአንድ ሐኪም እጅ ሲወድቁ፣ ቀጠሮው የሚራዘመው የማንኛው እንደሆነ መቆጣጠር ከባድ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የከነማ መድኃኒት ቤቶች ዕድል ነው። ስማቸው «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተወሰደ የደርግ ዘመን ቅሪት ነው። ማኅበሩ ከስሞ፣ ፋብሪካው ተሸጦ፣ እነርሱ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር አሉ፤ ሌላ ቦታ የተወደደበት ሕመምተኛም የመድኃኒት ማዘዣውን ይዞ በመስኮታቸው ይሰለፋል።