መርሳት፣ መንገድ መጥፋትና ውቤ በረሃ

እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አንዲት የ51 ዓመት ሴት ተኛች። አውጉስተ ዴተር ትባላለች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር ስሟን እንድትጽፍ ሲጠይቃት ጀምራ መጨረስ አቃታት። በ1906 ስትሞት አንጎሏን መርምሮ ያገኘውን በጉባኤ አቀረበ። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

ሕመሙ ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። ሰው አዲስ ነገር የሚይዘውም፣ ያለበትን ቦታ የሚለየውም በዚሁ ክፍል ነው። ስለዚህ መርሳትና መንገድ መጥፋት አብረው ይመጣሉ። ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን የማያስታውሱ አዛውንት የልጅነት ሰፈራቸውን ግን ቤት በቤት ይቆጥራሉ። ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ሰፈርተኛው «ጃጁ» ብሎ ያልፋቸዋል።

ደራስያን ይህን ከሐኪም ባልተናነሰ አይተውታል። ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» የማኮንዶ ነዋሪዎች እንቅልፍ አጥተው ትውስታቸው ይጠፋባቸዋል። አንዱ ገጸ ባሕርይ በወንበሩ፣ በጠረጴዛው፣ በላሟ ላይ ስማቸውን ይጽፋል። ደራሲው ራሱ በስተርጅናው የመርሳት ሕመም እንደያዘው ወንድሙ በ2012 ለሕዝብ ተናገረ።

ውቤ በረሃም በጽሑፍ የተረፈ ሰፈር ነው። ስሙ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድን ያስታውሳል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአዲስ አበባ ሌሊት የሚደምቀው እዚያ ነበር። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ፈረንሳይ አገር ሆኖ ነው፤ ቡና ቤቶቹን፣ ሴቶቹንና ደንበኞቹን ከሩቅ እያስታወሰ። መጽሐፉ ስለ በሽታ አያወራም። ግን ማኮንዶዎች በቀለም የሠሩትን ሥራ ለአራዳ ሠርቶላታል፤ የነገሩን ስም በነገሩ ላይ ጽፏል።

አዲስ አበቤ መንገድ የሚያመላክተው በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይደርስ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያና ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ያረጁ ቤቶች ለኑሮ አስቸጋሪ እንደነበሩ፣ ከተማም መታደሱ እንደማይቀር የሚካድ አይደለም። ሆኖም ጤነኛው ሰው አዲሱን መንገድ ውሎ አድሮ ይለምደዋል። አዲስ ነገር መያዝ ያቃታቸው አዛውንት ግን አይለምዱትም። ለእነርሱ የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ በጭንቅላታቸው የቀረው የመጨረሻው ካርታም ከመሬቱ ጋር ተለያይቷል።

የፈረሰውን መመለስ አይቻልም፤ ስሙን መያዝ ግን ይቻላል። ዶሮ ማነቂያ ውሰዱኝ ለሚሉ አባት «ፈርሷል» የሚለው መልስ በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው። «እዚያ ማን ነበር? ከጎኑስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጠያቂው መልሱን ቢጽፈው ደግሞ አባት ይጽናናሉ፤ ከተማዋም ስሟን ጀምራ መጨረስ አያቅታትም።