እምቢ ያለው ማሞቂያ

ባለፈው ጥር፣ እህቴ በወለደች በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ የቤታችን ማሞቂያ እምቢ አለ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያን ሌሊት ውጪው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ነበር። እናቴ እህቴን ልታርስ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። እኔ ደግሞ የቤቱ "ኢንጂነር" ነኝ። ዲግሪዬ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ቢሆንም እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ በኛ ቤት ግን ይሄ ልዩነት አይታወቅም። ዋይፋይ ሲቋረጥም፣ የልብስ ማጠቢያው ሲያፈስም የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጃኬቴን ደርቤ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ ቤዝመንት ወረድኩ። እናቴም ጋቢዋን ተከናንባ ተከተለችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ማሽኑ ደረቴ ድረስ የሚደርስ የብረት ሳጥን ነው። ብርዱ ሲመጣ ጋዝ እያቃጠለ ቤቱን ያሞቃል። ሰመር ሲገባ ደግሞ አናቱ ላይ የተቀመጠው የኤሲ ጠመዝማዛ ቱቦ ያቀዘቅዛል። አየሩን ወደየክፍሉ የሚነፋው ማራገቢያ ለሁለቱም አንድ ነው።

"ጋዙ አልቆበት ይሆን?" አለች እናቴ። ለእሷ ጋዝ ማለት ላምባ ነው፤ ካልሆነም ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቡታጋዝ። ይሄኛው እንደ ውሃ በቱቦ ከመንገድ እንደሚመጣ፣ እንደማያልቅም ነገርኳት። አላመነችኝም መሰለኝ።

በሩን ከፍቼ ማሽኑ ሲሞክር አየሁት። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ የምትነሳው ጭሱን ወደ ውጪ የምትገፋው ትንሿ ማራገቢያ ናት። እሷ ተነሳች፣ አጉረመረመች፣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዝም። እሳት የለም። ቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ታርፋለች፤ እንደገና ሦስት ጊዜ። በሩ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሦስት ብልጭታ ማለት "የግፊት ስዊቹ አላገናኘም" ማለት ነው ይላል።

ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። አንድ ቪዲዮ መፍትሄው ሁለት ደቂቃ እንደማይፈጅ አሳየኝ። ስዊቹ ላይ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ያኔ ማሽኑ ስዊቹ "ደህና ነው" ያለው ይመስለዋል። ለኔ ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። እኛም ኮድ ስንጽፍ አላሳልፍ ያለንን ቴስት "ለጊዜው" እናጠፋዋለን። ሽቦ ቆርጬ ጫፎቹን መላጥ ጀመርኩ።

"ልትዘለው ያሰብከው ነገር ሥራው ምንድን ነው?" አለችኝ እናቴ።

"ጭሱ በደንብ ወደ ውጪ እየወጣ መሆኑን ነው የሚያየው።"

"ታዲያ ካልወጣ የት ይሄዳል?"

እጄ ቆመ። ከኛ ራስ በላይ ሁለት ፎቅ ወጣ ብሎ አንድ የአስራ ሁለት ቀን ሕፃን ተኝቷል።

* * *

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ከነልጇ በከሰል ሞታለች። ለቅሶ የተቀመጡት ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ፦ "ጭስ እኮ አልነበረውም፤ ፍም ከሆነ በኋላ ነው ያስገባችው።" ችግሩም ያው ነው። ሰው የሚፈራው የሚታየውን ጭስ ነው። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን ያለ ቀለምና ያለ ሽታ ይለቃል።

ይህ ጋዝ እንዴት እንደሚገድል ለመረዳት የሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናርድ በ1850ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እንደሚወስድ አሳየ። ዛሬ እንደምናውቀው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዘው ኦክስጅንን ከሚይዝበት ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ ነው። በ1896 ዌልስ ውስጥ ታይለርስታውን በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደረሰ። ሐኪሙ ጆን ስኮት ሃልዴን አስከሬኖቹን መርምሮ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ራሱ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ሃልዴን ማዕድን ቆፋሪዎች ትናንሽ እንስሳት ይዘው እንዲገቡ መከረ፤ ከሰው ቀድመው ስለሚታመሙ። በኋላ የተመረጠችው ካናሪ የተባለችው ትንሽ ወፍ ናት። የብሪታንያ ማዕድን ቤቶች ወፎቹን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለመተካት መወሰናቸው የተነገረው በ1986 ነው።

ያቺ ልዘላት የነበረች ስዊች የካናሪዋ ዘመድ ናት። ውስጧ አንድ ስስ የላስቲክ ሽፋን አለ። ማራገቢያዋ ጭሱን በትክክል ስትስብ በቀጭን ቱቦ በኩል ሽፋኑ ይሳብና ሁለት ነጥቦች ይገናኛሉ። ካልተሳበ አይገናኙም፤ ጋዝም አይለቀቅም።

በኋላ መመሪያውን ሳነብ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር አገኘሁ። ማሽኑ ማራገቢያዋን ከማስነሳቱ በፊት ስዊቹን አንዴ ያየዋል። ምንም ሳይነፍስ ስዊቹ ተገናኝቶ ካገኘው "ይሄ ሊሆን አይችልም" ብሎ ሥራ አይጀምርም። ማለትም የሠሩት ሰዎች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሽቦ የሚልጥ እንደኔ ያለ ሰው እንደሚመጣ አስቀድመው አስበውበታል። የቪዲዮው ሰውዬ ይሄን አልነገረኝም።

* * *

የማሽኑ ሌላ ጠባቂ ነበልባሉን የምታየው ቀጭን ብረት ናት። ድሮ በየማሞቂያው ውስጥ ሌት ተቀን የምትነድ ትንሽ እሳት ነበረች። እሷ ጠፍታ ጋዙ ዝም ብሎ ቢፈስስ? መልሱ የመጣው ቶማስ ዜቤክ በ1821 ካስተዋለው ነገር ነው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገጣጥመው መገናኛቸው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጋዙን ከፍቶ የሚይዘው የዚያች እሳት ሙቀት የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ነው። እሳቷ ከጠፋች ኤሌክትሪኩም ይጠፋል፤ መዝጊያው በራሱ ይዘጋል። በኛ ማሽን ደግሞ ነበልባሉ ራሱ ሽቦ ይሆናል። እሳት በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በማይክሮአምፔር የሚለካ። ያቺ ጥቂት ፍሰት በሰከንዶች ውስጥ ካልተገኘች ጋዙ ይዘጋል።

ለኔ ለፕሮግራመሩ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። የኛ ሲስተም ብዙ ጊዜ "ስህተት ካልሰማሁ ሁሉም ሰላም ነው" ብሎ ይቀጥላል። እዚህ ግን ዝምታ ማለት "ዝጋ" ማለት ነው። "ደህና ነኝ" የሚል ድምፅ ካልተሰማ በስተቀር ማንም አይታመንም።

ይህን ጥንቃቄ ያስተማረው በአብዛኛው ሞት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን የሚባል የነዳጅ አካባቢ አለ። ትምህርት ቤቱ ሀብታም ነበር፤ ሕንፃው በየክፍሉ በተተከሉ የጋዝ ማሞቂያዎች ነበር የሚሞቀው። በ1937 መጀመሪያ ላይ አስተዳዳሪዎቹ ወጪ ለመቆጠብ ከጋዝ አቅራቢው ጋር የነበራቸውን ውል ትተው፣ የነዳጅ ኩባንያዎች እንደ ተረፈ ምርት ከሚያዩት ጋዝ መስመር ላይ ቀጠሉ። በአካባቢው ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር። ጋዙ ሽታ አልነበረውም። ከወለሉ በታች እያፈሰሰ ሲጠራቀም ማንም አላወቀም። ማርች 18 ቀን ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ መምህሩ የእንጨት ማለስለሻውን ማሽን ሲያስነሳ ብልጭታ ተፈጠረ። ከ290 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ጋዝ ላይ ሽታ መጨመር ግዴታ ሆነ። ዛሬ ጋዝ ሲያፈስ የሚሸተን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር የጋዙ የራሱ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ሌላም ሕግ አወጣች፦ ያለ ፈቃድ በምህንድስና ሙያ መሥራት ተከለከለ። እናቴ ለጎረቤት ስትነግር የምትኮራበት "ኢንጂነር" የሚለው ቃል፣ ቢያንስ እዚያ ግዛት፣ ክብደቱን ያገኘው ከእነዚያ ልጆች መቃብር ላይ ነው። እኔ ግን ለቴክኒሻን የሚከፈለውን ብር ለመቆጠብ ብዬ ሽቦ እልጥ ነበር።

* * *

የማቀዝቀዣው ወገንም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ሁሉም መርዝ። በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ከፍሪጅ በወጣ ጋዝ ማለቁን አልበርት አይንስታይን ጋዜጣ ላይ አንብቦ በጣም አዘነ ይባላል። ከወጣቱ የፊዚክስ ሰው ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም ማፍሰሻ የሌለው ፍሪጅ ነደፈ። በ1930 በአሜሪካ ፓተንት አገኙበት።

ገበያውን የያዘው ግን የነሱ ፍሪጅ አይደለም። በ1928 ቶማስ ሚድግሊ ከባልደረቦቹ ጋር መርዝ ያልሆነና የማይቃጠል ጋዝ አገኘ፤ ፍሪዮን። ሚድግሊ በ1930 በኬሚስቶች ስብሰባ ላይ ጋዙን ራሱ ስቦ ወደ ሻማ ተነፈሰውና ሻማዋን አጠፋት። ሰው ሁሉ ተደነቀ። አርባ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1974፣ ማርዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ ያ ደህና የተባለ የጋዝ ቤተሰብ ከፍ ብሎ ወጥቶ የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ ጻፉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። አሮጌ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-22 የተባለው ጋዝም ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ እንዳይመረትና እንዳይገባ ተደርጓል። ቤት ውስጥ ደህና የተባለው ጋዝ፣ "ታዲያ ሲወጣ የት ይሄዳል?" ብሎ የጠየቀለት ሰው ዘግይቶ ነው የተገኘው።

* * *

ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ማሽኑን አጠፋሁት። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከበን አደርን። እህቴ የምግብ መጋገሪያውን ኦቨን ለኩሰን በሩን እንክፈተው ስትል እናቴ በቁጣ አየቻት።

ሲነጋጋ እዚህ አገር ለብዙ ዓመት ማሞቂያና ኤሲ በመጠገን የኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ጋ ደወልኩ። ስዊቹ ተበላሽቷል አልኳቸው።

"ስዊቹን አትወንጅለው" አሉኝ። "መጀመሪያ ውሃውን እይ።"

"የምን ውሃ ጋሼ?"

"እሳት ውሃ ይወልዳል። ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሩህም እንዴ?"

አስተምረውኛል፤ እረስቼው ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይወጣዋል። የድሮ ማሞቂያ ይሄን በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይሸኘዋል። እንደኛ ያለው ጋዝ ቆጣቢ ማሽን ግን ከእንፋሎቱ ሳይቀር ሙቀት ስለሚሰበስብ፣ ውሃው ውስጡ ይንጠባጠብና በቀጭን ቱቦ መውጣት አለበት።

እሳቸው በስልክ እየመሩኝ ኤሌክትሪኩንም ጋዙንም ዘጋሁ። ከታች ባልዲ አድርጌ የውሃ መውረጃውን ቱቦ ስነቅለው የታጎረው ውሃ ገነፈለ። የኤሲው ውሃና የማሞቂያው ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግራጫ፣ የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ተደፍኖበታል። ዝቃጩ የሰመር ነው። ኤሲው ከአየሩ ባወጣው እርጥበት ውስጥ ወራት ሙሉ ሲያድግ የቆየ። ሐምሌ ላይ የተጀመረ ችግር ጥር ላይ ነው ስሙን የነገረኝ። ውሃው ወደ ኋላ ታጉሮ የጭሱን መንገድ ስለዘጋው ስዊቹ እውነቱን ነው የተናገረው። በመላው ቤት ውስጥ ያልተበላሸው እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ቱቦውን በሙቅ ውሃ አጥቤ መለስኩት። ማራገቢያዋ ተነሳች፣ ስዊቹ ቀጭ አለ፣ ማቀጣጠያው ቀላ፣ ሰማያዊው ነበልባል ተርታውን ያዘ።

አሁን የራሴ ደንብ አለኝ። ፊልተሩን በየወሩ አያለሁ፤ ከሦስት ወር በላይ አላቆየውም። ብርዱ ከመግባቱ በፊትና ሰመር ከመድረሱ በፊት መውረጃውን አጥባለሁ። ነበልባል የምታየዋን ብረት በዓመት አንዴ በስስ የብረት ሱፍ እጠርጋለሁ። በረዶ ሲጥል የውጪዎቹን ቱቦዎች አፍ እጠርጋለሁ። በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አለ፤ ወር በገባ ቁጥር ቁልፉን ተጭኜ አስጮኸዋለሁ። የጋዙን መዝጊያና የኤሲውን ጋዝ ግን አልነካም፤ የባለሙያ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ቴስት "ለጊዜው" እናጥፋው የሚል ሰው ሲመጣ የእናቴን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይናደድብኛል።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ማሽኑ ሲነሳ ሰምታ፣ "አሁንስ የት ነው የሚሄደው?" አለችኝ። ጫማዋን አድርጋ ወደ ውጪ ይዣት ወጣሁ። ከግድግዳው የወጣው ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ በረዶው ላይ ነጭ እንፋሎት ይተነፍሳል። ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ፣ እጇን ከጋቢዋ ውስጥ አውጥታ ወደ እንፋሎቱ ዘረጋች። ለብ ያለ ነው።

"በል እንግባ" አለች፣ "ሕፃኑ ይነሳል።"