የዳቮስ ሰገነቶች

ጥር በመጣ ቁጥር የዳቮስ ስም በዜና ይነሣል። መሪዎችና ባለጠጎች የሚመክሩባት የስዊዘርላንድ ተራራማ ከተማ ናት። እኔ ግን ስሟን ስሰማ የሚታየኝ ጉባኤው አይደለም፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በየሰገነቱ የተጋደሙ ሕሙማን ናቸው።

ዳቮስ ከባሕር ወለል በላይ በ1,560 ሜትር ከፍታ የምትገኝ የገበሬዎች ሸለቆ ነበረች። በ1853 (ዘመኑን ሁሉ የማነሣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሌክሳንደር ሽፔንግለር የተባለ፣ ከከሸፈው የጀርመን አብዮት የሸሸ ስደተኛ፣ የአካባቢው ሐኪም ሆኖ መጣ። የሳንባ ነቀርሳ የሸለቆውን ሰው እንደማይደፍር ታዘበ። በ1865 በበረዶው ወራት ሁለት ጀርመናውያን ሕሙማን ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አልተዘጋም። መድኃኒቱ ንጹሕ አየር፣ ወተትና ወይን፣ ከሁሉም በላይ በሰገነት ላይ መጋደም ነበር። (የእኛም ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ለረጅም ዘመን የሳንባ ሕሙማን መታከሚያ የነበረው፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ መሆኑ ትዝ ይለኛል።)

የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ወደ ዳቮስ የመጣው ሚስቱ ሉዊዛ በዚሁ ደዌ በመያዟ ነው። እርሱ ጤነኛ ነበርና ተራራው አማለለው። በመጋቢት 1894 ብራንገር ከሚባሉ ሁለት የአገሬው ወንድማማቾች ጋር በስኪ ተራራውን አቋርጦ ወደ አሮሳ ወረደ። ጉዞውንም በዚያው ዓመት «ስትራንድ» በተባለው የለንደን መጽሔት ጻፈው፤ ብዙ እንግሊዛዊ ስለ ስኪ ያነበበው ያኔ ነው። የስፖርቱ ታሪክ የባልን ጀብዱ በኩራት ይተርካል። ሉዊዛን የሚያነሣት በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በ1906 ዐረፈች።

ካትያም እንዲሁ ናት። በ1912 ሳንባዋ ታሟል ተብላ በዳቮስ ወራትን ስታሳልፍ፣ ባሏ ቶማስ ማን ሊጠይቃት መጥቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ ጉብኝትና ከእርሷ ደብዳቤዎች በ1924 «አስማታዊው ተራራ» ተወለደ። ልብ ወለዱ ዓለምን ዞረ፤ ደብዳቤዎቹ ግን በስደት ዘመን ጠፉ። ያንን ግዙፍ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ የተኛችው እርሷ፣ የጻፈው እርሱ!

በ1934 ቦልገን በተባለው ቁልቁለት ላይ የስኪ ተጫዋቾችን ሽቅብ የሚስብ የገመድ ማንሻ ተተከለ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ከተገኘ በኋላ ደግሞ አልጋዎቹ ባዶ ቀሩ፤ የሕክምና ቤቶቹ አንድ በአንድ ሆቴል ሆኑ። አሁን በረዶው ሲቀልጥ እንግዳው በእግሩና በብስክሌት ተራራውን ይዞራል፣ በሐይቁም ላይ በሸራ ጀልባ ይንሸራሸራል።

በ1900 የተከፈተው የሻትስአልፕ ሕክምና ቤትም ዛሬ ሆቴል ነው፤ ሰገነቶቹ ግን አልፈረሱም። በቶማስ ማን ልብ ወለድ ውስጥ የዚያ ቤት ሙታን በክረምት በበረዶ ተንሸራታች ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። ከዚያው ከፍታ ወደ ከተማው የሚወርድ የመንሸራተቻ መንገድ አሁንም አለ፤ ልጆች እየሳቁ ይወርዱበታል።