ሽለላው በሸክላ ላይ



ከመቱ እስከ ጎሬ፣ እስከ ያዮም ባለው በኢሉባቦር ምድር ያደገ ሰው ስለ ፉከራና ስለ ሽለላ ነጋሪ አያሻውም። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ነበር። እንደ አገራችን ልማድ አርበኛ ከመዝመቱ አስቀድሞ ይሸልላል፤ በኦሮሞውም ዘንድ ጌረርሳ ጀግናን ያወድሳል። ዛሬ የምናወሳው ይህ የዘመቻ ድምፅ እንዴት በሸክላ ተቀርጾ የባሕር ማዶ የጃዝ ወዳጆች ሀብት እንደ ሆነ ነው።

ሸላይ ሲሸልል ድምፁን ይስባል፤ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ይደራርባል፤ ድንገትም ያቋርጣል። ልኩን የሚወስንለት ከበሮ ሳይሆን ቁጣውና ትንፋሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለዱት አቶ ጌታቸው መኩሪያ ይህንኑ ሽለላ ከነቁጣው ወደ ሳክስፎን አሻገሩት። ቃሉ ቀረ፤ ወኔው ግን አልቀረም።

በአሜሪካ ኦርኔት ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1960 «ነፃ ጃዝ» የተባለውን ሥራ በሸክላ አስቀረጸ፤ ከእርሱም በኋላ አልበርት አይለር በዚያው መንገድ ተጓዘ። የእነዚህን ሰዎች ሸክላ የሚሰበስቡ አድማጮች የአቶ ጌታቸውን ሳክስፎን በሰሙ ጊዜ በመመሳሰሉ ተደነቁ። ሆኖም የአቶ ጌታቸው ጨዋታ ከአሜሪካ የተቀዳ አይደለም፤ ምንጩ የአባቶች ሽለላ ነው። እነዚያ ከተለመደው ሥርዓት ለመውጣት የፈለጉትን ነፃነት እኛ በፉከራ ሜዳ ስናውቀው ኖረናል።

ሸክላ ማሳተም ግን ለማንም የተፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ትእዛዝ ይህን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍረው የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እስከ 1978 ድረስ 500 ያህል ትንንሽና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ታተሙ። ከትልልቆቹ አንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው የአቶ ጌታቸው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣ፤ ሸክላውም ተረሳ።

እኛ የረሳነውን ባዕዳን ፈለጉት። ያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ዕትም እንደገና ወጣ። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የሙዚቃ ጓድም አቶ ጌታቸውን ጋብዞ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብሯቸው አሳተመ። እሳቸውም ይህን ክብር አይተው እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፉ። የመጀመሪያው ዕትም ግን ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በብርቱ ዋጋ ይሸጣል፤ በተሠራበት አገር ማግኘቱ ጭንቅ ሆኗል።

እንግዲህ በመቱም ሆነ በጎሬ ከአባት የተረፈ ሸክላ በቤቱ ያለው ሰው እንደ ተራ ዕቃ አይቍጠረው። ኢሉባቦር ዝናብ የበዛበት አገር ነውና እርጥበት ልባሱን ያሻግተዋል፤ ፀሐይ ደግሞ ሸክላውን ያጣምመዋል። በደረቅና በጥላ ስፍራ አቁሞ ያኑረው እንጂ አይደራርበው፤ አቧራውንም በለስላሳ ጨርቅ ይጥረግለት። ከሁሉ በላይ ልጆቹን ሰብስቦ ያሰማቸው። ሰሚ ያጣ ሸክላ ሳይሰበርም ዝም ይላልና።