የሦስቱ ወንድማማቾች ቋንቋ

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፤ በዩናን፣ በሲቹዋንና በጉይጆ ተራሮች የዪ ሕዝብ ይኖራል። የራሱ ፊደልና ቢሞ የሚባሉ መጽሐፍ አንባቢ ካህናት አሉት። ጎረቤቱም ከጥንት ጀምሮ የሐን ሕዝብ ነው። እኛም የሁለቱን አፈ ታሪክ ጎን ለጎን ብንመለከት የሚያስደንቅ መመሳሰል እናገኛለን።

በሐን ተረት ፓንጉ የተባለው ታላቅ ፍጡር ሲሞት ግራ ዓይኑ ፀሐይ፤ ቀኝ ዓይኑ ጨረቃ ሆነ። ሜይጌ በተባለው የዪ መዝሙር ግን እንዲህ የሆነው የነብር ዓይን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ኋይናንዚ የሚባለው የሐን መጽሐፍ፤ ምድርን ያቃጠሉ 10 ፀሐዮች በቀስት እንደ ተወጉ ይተርካል። ጂጌ-አሉ የተባለው የዪ ጀግና ደግሞ ከ6 ፀሐይና ከ7 ጨረቃ አንዳንድ ብቻ አስቀርቶ የቀሩትን ጣለ። እርሱም ከንሥር በወረደ የደም ጠብታ የተፀነሰ ነው።

እንግዲህ ማን ከማን ወሰደ? ድርቅን የማይፈራ ሕዝብ የለምና፤ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን አንድ የዪ ተረት የጉርብትናውን ነገር በግልጥ ያሳየናል። ከጥፋት ውኃ የተረፈው ሰው የሰማይን ልጅ አግብቶ 3 ዲዳ ልጆች ወለደ። ቀርከሃ በእሳት ውስጥ በፈነዳ ጊዜ ልጆቹ ደንግጠው ተናገሩ፤ አንዱ በቲቤት፣ አንዱ በዪ፣ አንዱ በሐን ቋንቋ።

በዪና በሐን መካከል ጦርነትና በደል እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ሆኖም ተረቱ ጎረቤትን ባዕድ አላለውም፤ የአንድ እናት ልጅ አለው እንጂ። የገዛ ቋንቋውንም አልካደም። ከዚህ የምንማረው፤ ከሌላው መቀበል የራስን መጣል አለመሆኑን ነው።