ከዕፅዋት የተገኙ የመርሳት በሽታ መድኃኒቶች፦ የቱ ተፈተነ? የቱስ የገበያ ወሬ ነው?

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የእናት አባቶቻችን ዕድሜ እየገፋ ነው። ስም መርሳት፣ መንገድ መሳት ሲጀምሩ “እርጅና ነው” ብለን እናልፈዋለን፤ ወይም “ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም” የተባለ እንክብል ከኢንተርኔት እናዛለን። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ከተክል የተገኘ ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸው።

ጋላንታሚን፦ ስኖውድሮፕ ከተባለች ነጭ የአውሮፓ አበባ የተገኘ ነው። በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረትና በቡልጋሪያ ተጠና፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለአልዛይመር ፈቀደው። ለማስታወስ የሚረዳውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል ኬሚካል የሚሰባብረውን ኢንዛይም ይገታል። ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያቆምም። የልብ ምት ሊቀንስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ሪቫስቲግሚን፦ በ2000 የተፈቀደ ነው። ራሱ የተሠራው በላቦራቶሪ ቢሆንም መነሻው የምዕራብ አፍሪካው የካላባር ባቄላ ነው።

ሁፐርዚን ኤ፦ ከቻይና ተክል የሚገኝ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በሰፕሊመንትነት ይሸጣል። በ2011 የወጣ ጥናት በቀን ሁለቴ 200 ማይክሮግራም ለወሰዱ ሕሙማን ጥቅሙን አላሳየም። አሠራሩ ከሐኪም መድኃኒቶቹ ጋር ስለሚመሳሰል አብሮ መውሰድ የጎንዮሽ ጉዳቱን ያብሳል።

ጊንኮ፦ በ2008 የወጣው ትልቁ ጥናት 3,069 አረጋውያንን ለዓመታት ተከታተለ። የመርሳት በሽታን አልተከላከለም። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድማት ስጋት አለው።

እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፦ በወጥና በቡና ይጣፍጣሉ። ግን አልዛይመርን እንደሚያክሙ በሰው ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት አልተረጋገጠም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው።

ልብ በሉ፦ ሰፕሊመንት ለመሸጥ የኤፍዲኤ ቅድመ ፈቃድ አያስፈልገውም። በ2019 ኤፍዲኤ አልዛይመርን እናክማለን ለሚሉ ሻጮች 17 የማስጠንቀቂያና የምክር ደብዳቤዎች ልኳል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን የሚባክነው ጊዜ ነው። የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። እንክብል ስንሞክር የከረምንበት ወር የሚድነውን ሰው ሳይታከም ሊያስቀረው ይችላል።

ስለዚህ፦

- መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ሐኪሙ ወደ መርሳት በሽታ ክሊኒክ ሊመራቸው ይችላል፤ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲም አለው።
- የሚወስዱትን ክኒን፣ እንክብልና የአገር ቤት ቅጠል ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ አትደብቁ።
- የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅ ማስተርጎም የለበትም።
- የአልዛይመር ማኅበር ስልክ 1-800-272-3900 ሌሊትም ይሠራል።

ለእናት አባቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ እንክብል ሊያዝ ላሰበ ወዳጅም አጋሩት።