ታንኳው በማን እጅ ነው?

«ደሴት» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በፊልም ያየነው ነው። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ሆቴል ድረስ መጥቶ የሚወስድ መኪና፣ ከዚያ ነጭ ጀልባ። ከአልጋ እስከ ደሴት ሁሉ ነገር ተከፍሎበት ያለቀ ነው። ተጓዡ አይለምንም፣ አይጣራም፣ አይጠብቅም።

የእኛስ አገር ደሴቶች? በካርታ ከሄድን ጣናም ትሮፒካል ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ኮኮናት የለውም እንጂ ደሴት ሞልቶታል፤ ሠላሳ ሰባት እየተባለ ይቆጠራል። በሰላሙ ጊዜ ባሕር ዳር ላይም አሠራሩ ያው ነበር፦ አስጎብኚው ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ይጠብቅሃል፣ ወደቡ ድረስ ይወስድሃል፣ ሞተር ጀልባው ይነሳል፣ ከሰዓት በፊት ሦስት ገዳም አይተህ ትመለሳለህ።

በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግነው ጥያቄ ቀላል ነው። ከሆቴል የሚያነሳ ሰው ከመምጣቱ በፊት ወደ ደሴት የሚሻገረው ማን ነበር? የሚያሻግረውስ? ታንኳውስ በየትኛው ዳር ታስሮ ያድር ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን የደሴቶቻችን ታሪክ በአብዛኛው የተወሰነው በእሱ ነው።

የውሃ ደሴትና የገደል ደሴት

«የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ስለ ደሴት ምን ያውቃል?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ደግሞ ደጋችን ራሱ ደሴት ነው እንላለን። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የመንዝን ድንበር ሲያስቀምጥ በደቡብ ሞፈር ወንዝን፣ በምዕራብና በሰሜን አዳባይንና ወንጪትን፣ በምሥራቅ ደግሞ የተራራውን ሰንሰለት ይጠራል። ሦስቱ ዳር ወንዝ፣ አንዱ ዳር ተራራ። መርሐቤቴም ቢሆን ከጀማ ሸለቆ ሳይወርዱና መልሰው ሳይወጡ የሚደርሱበት አገር አልነበረም። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መንገደኛ ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ የቸኮለ ደግሞ ዋናተኛ ይለምናል።

ይህ ችግር ብቻ አልነበረም፣ መከታም ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሩ በጦርነትና በሕዝብ ፍልሰት ሲታመስ፣ ገደል የከበበው ደጋ ለብዙዎች መሸሸጊያ ሆኗል። በኋላ የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የጀመረው ነጋሲ ክርስቶስም ከዚሁ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ነው የተነሳው። ስለዚህ የሐይቁን ደሴት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ውሃውን በገደል መተካት ብቻ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ታንኳው በመነኮሳቱ ዳር

ከግሼ ወደ ሰሜን፣ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ከተማ ትንሽ አለፍ ብሎ ስሙም ራሱ «ሐይቅ» የሆነ ሐይቅ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ወጥተው እዚያ በነበረችው ደሴት ገዳም መሠረቱ። ከሸዋ የሄዱት አባ ተክለ ሃይማኖትም የእሳቸው ደቀ መዝሙር እንደነበሩ ገድሉ ይተርካል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበር። አንዲት ትንሽ ደሴት የአገሩ የትምህርት ማዕከል ሆነች ማለት ነው።

በ1510ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሐይቅ አይቶ ጽፏል። ሎሚና ብርቱካኑን፣ ጉማሬውን፣ መሻገሪያውንም ያነሳል። መሻገሪያው ከውሃ ዳር ሣር የታሰረና በትልልቅ ቅል የተደገፈ ነበር። ለአውሮፓዊው መርከበኛ ልጅ ይህ ጀልባ ተብሎ የሚጠራ አልነበረም። ለመነኮሳቱ ግን በር ነበር፤ ቁልፉም በእነሱ እጅ።

በሩ የተፈተነው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1524 ዓ.ም. አካባቢ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ውስጥ እንደሚተርከው፣ ጦሩ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ፤ መሻገሪያ ካልተሠራ በስተቀር ወደ ደሴቱ መግባት አልተቻለም። መሻገሪያ መሠራት ሲጀመር መነኮሳቱ ድርድር መረጡ። ወርቁንና ብሩን አስረክበው ነፍሳቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አተረፉ። በዚያ ዘመን የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት ብዛት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያቺ የውሃ ስፋት ጦሩን አላስቀረችውም፤ ለመነጋገር የሚበቃ ጊዜ ግን ገዛች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተጻፈው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል እስከ ዛሬ የመቆየቱ ምሥጢርም ከዚህች ጊዜ የራቀ አይደለም።

ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለመድረስ ታንኳ አያስፈልግም። ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በእግር ይገባል።

ምጽራሃ፦ ታንኳው እጅ ሲቀይር

የጣናው ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ምጽራሃ የምትባል ደሴት አለች። ቅዱስ ስፍራ ስለነበረች ነጋዴዎች ሀብታቸውን እዚያ ያስቀምጡ ነበር። በዘመኑ ቋንቋ ባንክ ናት ማለት ነው።

አፄ ቴዎድሮስ የውሃ ነገር ያሳስባቸው ነበር። በእጃቸው እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 በጣና ዳር በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ያለው ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠርተው ሞክረዋል። በእንፋሎት ስለሚሄዱ መርከቦች የሰሙ ንጉሥ፣ ባላቸው ሣርና በሰው ክንድ ያንኑ ሊሠሩ መነሳታቸው ነው። እኛ ይህን ስናነብ ሳቅና አድናቆት አብረው ነው የሚመጡብን።

ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። ብላንክ እንደሚለው የምጽራሃ ሰዎች ንጉሡን ፈርተው ታንኳዎቻቸውን ሁሉ ይዘው ደሴታቸው ላይ ቆዩ። የሰላም ቃል ተላከላቸው። ቃሉን አምነው ታንኳ ላኩ። በታንኳው ወታደር ተሳፍሮ መጣ፤ ደሴቲቱ ተዘረፈች፣ ነዋሪዎቿም አለቁ። ብላንክ እስረኛ ነበርና በቴዎድሮስ ላይ ቂም እንዳለው አንዘነጋም። የታሪኩ አጥንት ግን ግልጽ ነው። ምጽራሃ ግንብ አልነበራትም፣ መድፍ አልነበራትም። የነበራት ታንኳውን በራስዋ ዳር ማሰር ብቻ ነበር። ያንን በለቀቀች ቀን ደሴትነቷ አበቃ።

ቀዛፊው የት ሄደ?

እስካሁን የጠራነው ንጉሥ፣ አባት፣ ኢማምና ፈረንጅ ነው። ታንኳውን ያሰረውስ?

ጣና ላይ ታንኳ ሲባል ወይጦዎችን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በልጥ አስረው ታንኳ መሥራት ከጥንት የእነሱ ሙያ ነው። የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ በድንጋይ ታንኳ ተሻገሩ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ለተራው ሰው ግን ታንኳው ደንገል ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። የተሠራ ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ዕቃ ባለመትረፉም ሙዚየም የሚገባ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ታንኳ» የለንም። የሠሪዎቹም ስም እንደ ታንኳቸው ሆነ። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቱ «አይነካኩንም» ብሎ ሲያገልላቸው ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይታመናል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ዕቃቸው ይፈለጋል፣ እነሱ አይፈለጉም። ይህ ጉድ ለሸክላ ሠሪውም ለቀጥቃጩም ነበር፤ በእኛም ደጋ አለ።

አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ሲነሳ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችው ጀልባ ከግብጽ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠርታ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሳች፤ ጉዞዋን ሳትጨርስ ተበላሸች። በዓመቱ «ራ 2» ከዚያው ወደብ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ኮኮናት ያለበት፣ ነጭ አሸዋ ያለበት፣ ያ ፊልም ላይ ያየነው ዓይነት ደሴት! የመጀመሪያዋን ያሰሯት ከቻድ የመጡ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛዋን ከቦሊቪያ የመጡ ናቸው። የጣና ሣር ዓለምን ዞረ፤ የጣና ታንኳ ሠሪ ግን በዚያ ዝና ውስጥ ስሙ የለም።

አሁን ደግሞ ደንገሉም እየሳሳ ነው። ዳሩ ለእርሻ ተመንጥሯል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ጠርዝ እየወረረ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መግባቱ መልካም ነው፤ መዝገብ ግን እምቦጭ አይነቅልም።

ለእኛ ለሴቶች

ወደ ሆቴሉ እንመለስ። ከሆቴል የሚያነሳ ጀልባ መምጣት ትልቅ ለውጥ ነው። ቀድሞ ታንኳው በደሴቱ ዳር ነበር፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ደሴቱ ነበር። አሁን ጀልባው በከተማው ዳር ያድራል። የከፈለ ይሻገራል። የቀረው በር ሥርዓቱ ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ ሴት አያስገቡም። ሐይቅ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ስለዚህ ከመካከላችን ግማሾቻችን ደሴቱ ጋ ደርሰን ጀልባው ላይ እንቀራለን።

ሥርዓት ይፍረስ አንልም፤ ገዳም ገዳም ነው። የታሪክ ተማሪ ለሆነች ሴት ግን ጉዳዩ ጉብኝት አይደለም። ዳጋ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አጽም ያረፈበት ነው። የአገሪቱ ታሪክ ሰነዶች ክፍል እዚያ ነው ያለው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርታለች፤ እዚያ ሴት ትገባለች። ሁላችን ግን ምንትዋብ አይደለንም፤ በራችንን ራሳችን አንገነባም።

መፍትሔው ግማሽ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሳ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሰፊ የማይክሮፊልም ሥራ ተጀምሮ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት፣ የኢየሱስ ሞአ ወንጌልም ጭምር፣ ተቀርጸዋል። ከዚህኛው ሥራ ፊልሙ ያለው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ አንድ የቤኔዲክት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። እናም አንዲት የመንዝ ልጅ እግሯ የማይረግጠውን የገዳም መጽሐፍ በስልኳ ልታነብ ትችላለች። ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፤ ታንኳው አሁንም አንድ ሰው እጅ ነው፤ የታሰረበት ዳር ራቀ እንጂ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት እንግዳው ቀንሷል፣ ከሆቴል ማንሳቱም ተቀዛቅዟል። የደሴቶቹ አሮጌ ሥራ፣ ማለትም ክፉ ቀንን ማሳለፍ፣ እንደገና ሊፈለግ ይችላል ማለት ነው። አሁን ግን ውሃው ጊዜ አይገዛም፤ የሞተር ጀልባ ቀርቶ ከዚያም የፈጠነ መሣሪያ አለ። በአንዲት ታንኳ መቆለፍ ቀርቷል። መጽሐፉን በፎቶ መገልበጥ፣ ግልባጩን ባሕር ዳርም ደብረ ብርሃንም ማስቀመጥ፣ መዝገቡን ለአንባቢ መክፈት ነው የቀረው። ገደል የከበበው የእኛው ደጋ ገዳማትም ይህንኑ ይፈልጋሉ።

ሰላም ሆኖ ባሕር ዳር የሄዳችሁ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ሆቴላችሁ በር ላይ ከሚጠብቃችሁ አስጎብኚ ጋር ስትስማሙ የንጉሦቹን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት የጀልባ ነጂውን ስም ጠይቁ። ዳር ላይ ደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁም እጁን ጨብጡና ስሙን ጻፉ። እስካሁን ያልጻፍነው የእሱን ነው።

ቸር ያገናኘን።